የአድራሻ መዝገብና ቋንቋው
ነጋዴ በደብዳቤ ገበያ ሲፈልግ ሊያውቃቸው የሚገቡ ቃላት

በመጋዘን የተከመረ ቡና በኩንታል ይቈጠራል፤ በመደርደሪያ ላይ ያለ ሸቀጥ በዓመቱ መጨረሻ ይመዘገባል፤ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብም ሳንቲም ሳይጐድል ይታወቃል። ነገር ግን ከእነዚህ የማያንስ አንድ ሀብት አለ፤ ይኸውም የደንበኞች ስምና አድራሻ ነው። ይህ ሀብት በብዙ የንግድ ቤቶች ዘንድ በቈጠራ ውስጥ አይገባም። ከፊሉ በባለቤቱ ልቡና፣ ከፊሉ በጸሐፊው የግል ደብተር፣ ከፊሉም በእጅ ስልክ ውስጥ ተበትኖ ይኖራል። ጸሐፊው ሥራ የለቀቀ ወይም ስልኩ የጠፋ ዕለት ግን የብዙ ዓመት ድካም አብሮ ይሄዳል። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለታሪክ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ለንግድም ይሠራል።

ዕቃን በደብዳቤ አማካይነት መሸጥ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1861 በዌልስ አገር በኒውታውን ከተማ ፕራይስ ፕራይስ ጆንስ የተባለ ነጋዴ የአገሩን የሱፍ ጨርቅ በፖስታ መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1872 ደግሞ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ በአንድ ወረቀት ላይ የታተመ የዕቃና የዋጋ ዝርዝር በገጠር ለሚኖሩ ገበሬዎች ላከ። ሁለቱም የባቡር ሐዲድና ፖስታ ቤት ባሉበት ሁሉ ገበያ አለ ብለው የተነሡ ሰዎች ናቸው። በኢትዮጵያም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ተቋቁሞ፣ አገሪቱ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ስለዚህ መንገዱ ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል።

ይህ ሙያ የራሱ ቋንቋ አለው። ቃላቱ በአብዛኛው የባዕድ ናቸው፤ የሚያመለክቱት ሥራ ግን በማንኛውም ጽሕፈት ቤት ሊሠራ የሚችል ነው። ዓላማው የቃላት ጌጥ ማብዛት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቃል አንድን የጥፋት በር የሚዘጋ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ነገሩ ለዋጫ ነጋዴ ለምን ያስፈልጋል?

ዋጫ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው የቡና፣ የማር፣ የኮረሪማና የጥምዝ አገር ነው። የቡና ንግድ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መካሄድ ከጀመረ በኋላ፣ ቡናው የሚታወቀው በደረጃውና በመጣበት አካባቢ እንጂ በአቅራቢው ስም አልነበረም። አቅራቢው ለመጋዘን ያስረክባል፤ ገዢው በገበያው አዳራሽ ይገዛል፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። በዚያ አሠራር የውጭ አገር ገዢዎችን አድራሻ ማጠራቀም ለአቅራቢው ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ግን የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ወጣ፤ አምራቹ ቡናውን በቀጥታ ወደ ውጭ የሚልክበት መንገድም ሰፋ። የማር፣ የኮረሪማና የጥምዝ ነጋዴ ደግሞ ቀድሞም ገዢውን የሚፈልገው በራሱ ጥረት ነበር። እንግዲህ ገዢንና ሻጭን በስም የሚያገናኝ ዘመን ሲመጣ፣ ስሙን በትክክል የመዘገበ ይጠቀማል፤ ያልመዘገበ ደግሞ ናሙናውን ለማይታወቅ ሰው ሲልክ ይኖራል።

የመዝገብ ዓይነቶች

በውጭ አገር «ሜይሊንግ ሊስት» የሚባለው የአድራሻ መዝገብ ነው። ይህም በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው «ሃውስ ሊስት» ይባላል፤ የቤት መዝገብ ማለት ነው። በውስጡ የሚገኙት ከንግድ ቤቱ ዕቃ የገዙ፣ ዋጋ የጠየቁ ወይም ናሙና የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። ሻጩን ስለሚያውቁት ደብዳቤውን ከፍተው ያነቡታል። ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለውም ይኸው መዝገብ ነው።

ሁለተኛው «ኮምፓይልድ ሊስት» የሚባለው የተለቀመ መዝገብ ነው። ከንግድ ምክር ቤት የአባላት ማውጫ፣ ከስልክ ማውጫና ከንግድ ትርዒት ዝርዝር ተለቅሞ ይዘጋጃል። ብዙ ስም በአንድ ጊዜ ይገኝበታል፤ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ሰው ዕቃውን ይፈልግ አይፈልግ አይታወቅም።

ሦስተኛው «ሪስፖንስ ሊስት» ሲሆን የመላሾች መዝገብ ማለት ነው። እነዚህ ለሌላ ነጋዴ ደብዳቤ መልስ የሰጡ ወይም በፖስታ የገዙ ሰዎች ናቸው። በውጭ አገር እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚያከራዩ ደላሎች አሉ። ኪራዩም ብዙውን ጊዜ ለአንድ ጊዜ መላኪያ ብቻ ነው፤ ተከራዩ ስሞቹን ገልብጦ ለራሱ ሊያስቀምጥ አይፈቀድለትም። ባለመዝገቡ ውሉ መከበሩን የሚያውቀው «ሲድ» በሚባል ዘዴ ነው። «ሲድ» ማለት ዘር ነው፤ ባለቤቱ በስሞቹ መካከል እርሱ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ስም ይዘራል። ያ ስም ሁለተኛ ደብዳቤ ከደረሰው መዝገቡ መሰረቁ ይታወቃል። ይህ ዘዴ ለአገራችን ነጋዴም ይበጃል፤ ከቤት የወጣ ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ ወደ ተወዳዳሪ ቤት ሄዶ እንደሆነ የተዘራው ስም ይናገራል።

በካርዱ ላይ የሚጻፈው

ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ካርድ ወይም በኮምፒዩተር አንድ መስመር ይሰጠዋል። በላዩም ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የንግድ ቤቱ ስም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ከተማ፣ ስልክ፣ የገዛው ዕቃና የመጨረሻው ግንኙነት ቀን ይጻፋል።

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው ለቤት ቁጥር ሳይሆን ለፖስታ ሣጥን ነው። አንድ ሣጥን ደግሞ ለብዙ ሰው ሊያገለግል ይችላል፤ ስለዚህ «በእገሌ በኩል» የሚለው ቃል ከካርዱ ላይ መጥፋት የለበትም። የሣጥኑ ባለቤት ኪራዩን ሲያቋርጥ፣ በእርሱ በኩል ደብዳቤ ይደርሳቸው የነበሩት ሁሉ በአንድ ቀን አድራሻ አልባ ይሆናሉ። እንግዲህ በካርዱ ላይ ከሣጥኑ ቁጥር ጋር የሣጥኑን ባለቤት ስምም መጻፍ ብልህነት ነው።

የአካባቢው ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀድሞው የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዘመን ዋና ከተማው ጅማ ነበር። ዛሬ ጅማ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ቦንጋና ዋጫ በካፋ ዞን፣ ሚዛን ደግሞ በቤንች ሸኮ ዞን ይገኛሉ። እነዚህ ሁለቱ ዞኖች ቀድሞ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ሆነው ኖረው፣ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ናቸው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ካርድ «ካፋ» ብቻ ብሎ ካለፈ፣ ደብዳቤው ወደ የትኛው ከተማ እንደሚሄድ አይለይም። የዋጫ ስም ራሱ ሌላ ፈተና አለበት፤ ቦታውን የማያውቅ ጸሐፊ የፊደል ስሕተት መስሎት «ዋንጫ» ብሎ ሊያርመው ይችላል። የከተማ ስም ሲጻፍ ወረዳውንና ዞኑን መጨመር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ድግምትና ለቀማ

ባለሙያዎች «ዱፕሊኬት» የሚሉት ድግምት ነው፤ አንድ ሰው በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲገኝ ማለት ነው። ብዙ መዝገቦችን አንድ አድርጎ ድግምቱን ማውጣት «መርጅ ኤንድ ፐርጅ» ይባላል፤ ማዋሐድና ማጥራት ነው። ለቡና ነጋዴ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ቡና ከየቦታው ተሰብስቦ ሳይለቀምና ሳይበጠር እንደማይላክ ሁሉ፣ ስምም ሳይለቀም አይላክበትም።

በአማርኛ የድግምት ዋናው ምንጭ ፊደላችን ነው። አንዱን ሰው አንዱ ጸሐፊ «ኃይሌ»፣ ሌላው «ሐይሌ»፣ ሦስተኛው «ሀይሌ» ብሎ ይመዘግበዋል። በፊደል ተራ ሲቀመጡ በሀ፣ በሐና በኀ ሥር ሦስት ቦታ ይገባሉ፤ ጸሐፊውም ሦስት ሰዎች ናቸው ብሎ ሦስት ደብዳቤ ያዘጋጃል። «ዓለሙ»ና «አለሙ»፣ «ሠናይት»ና «ሰናይት»፣ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» እንዲሁ ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካርዶች ሲደረደሩ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ሁሉ በአንድ ፊደል ሥር ይቀመጡ፤ በፖስታው ላይ ግን የሰውየው ስም ራሱ እንደሚጽፈው ይጻፍ። የመጀመሪያው ለሥራ፣ ሁለተኛው ለክብር ነው።

በላቲን ፊደል የተጻፈ መዝገብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ካፋን አንዱ በነጠላ «ኤፍ»፣ ሌላው በድርብ «ኤፍ» ይጽፋል፤ ከ«ኬ» ቀጥሎም አንዱ «ኤ»፣ ሌላው «ኢ» የተባለውን ፊደል ያስገባል። የውጭ አገር ሰዎች የቤተ ሰብ ስም ስላላቸው መዝገባቸውን በመጨረሻው ስም ይደረድራሉ። በእኛ አገር ግን የመጨረሻው ስም የአባት ወይም የአያት ነው። በዚህም ምክንያት አቶ ከበደ ወልደ ማርያም በውጭ መዝገብ «ሚስተር ማርያም» ተብለው ይገኛሉ። ሚስትም ስትጋባ በአባትዋ ስም ትቀጥላለች እንጂ የባልዋን ስም አትወስድም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት በአንድ ሱቅ ሲነግዱ መዝገቡ እንደ ሁለት ንግድ ቤት ይቈጥራቸዋል። ለአንድ ቤት አንድ ደብዳቤ ብቻ እንዲላክ ስሞችን በአንድ መጠቅለል «ሃውስሆልዲንግ» ይባላል፤ በእኛ አገር ይህን ለማድረግ የአባት ስም አይረዳም፤ የሚረዳው የፖስታ ሣጥን ወይም የስልክ ቁጥር ነው።

ተመላሽ

ለባለቤቱ ሳይደርስ የተመለሰውን ደብዳቤ የአሜሪካ ፖስታ ሠራተኞች «ኒክሲ» ይሉታል። በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ጊዜ ደግሞ «ባውንስ» ተብሏል፤ ነጥሮ የተመለሰ ማለት ነው። ተመላሽ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ተቀድዶ ይጣላል፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ተመላሽ ማለት በነፃ የመጣ ወሬ ነው፤ ሰውየው ቦታ ለውጧል፣ ሣጥኑን ለቅቋል ወይም አርፏል ብሎ ይናገራል። በዚያው ዕለት ካርዱ ይታረም፤ አዲሱ አድራሻ ካልተገኘም ለብቻው ይቀመጥ። በሞተ ሰው ስም ለዘመዶቹ በየዓመቱ የሽያጭ ደብዳቤ የሚልክ ቤት ቴምብሩን ብቻ አይደለም የሚያጣው።

ቅርበት፣ ድግግሞሽ፣ መጠን

ገንዘብ ለሁሉም ደብዳቤ ለመጻፍ የማይበቃ ሲሆን ለማን ይቅደም? ባለሙያዎች በሦስት መለኪያ ይመዝናሉ፤ ደንበኛው በመጨረሻ የገዛው መቼ ነው? ስንት ጊዜ ገዝቷል? በጠቅላላው የስንት ብር ገዝቷል? ልማደኛው ነጋዴ ዐይኑን የሚጥለው በሦስተኛው ላይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ብዙ ኩንታል የገዛውን ሰው ሲያስታውስ፣ በየመኸሩ ጥቂት ጥቂት የሚወስደውን ይረሳል። የሙያው ልምድ የሚመሰክረው ግን በቅርቡ የገዛ ሰው እንደገና ለመግዛት የቀረበ መሆኑን ነው።

በዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ብቻ የሚደርስ አንድ ወጥመድ አለ። ካርዱ ላይ ቀኑ አንዳንድ ጊዜ በእኛ አቈጣጠር፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር ይጻፋል፤ በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በ2016 ዓ.ም. የገዛ ሰው ካርዱን በአውሮፓ አቈጣጠር የሚያነብ ጸሐፊ ዘንድ የጠፋ ደንበኛ ይመስላል። ስለዚህ በቀኑ አጠገብ የአቈጣጠሩን ዓይነት መጻፍ ግዴታ ነው።

የመልስ መጠንና ሙከራ

«ሪስፖንስ ሬት» የመልስ መጠን ማለት ነው፤ ከተላኩት መቶ ደብዳቤዎች ስንቱ መልስ እንዳመጣ ያሳያል። ለሒሳቡ ቅለት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የዋጫ የማርና የኮረሪማ ነጋዴ 200 ደብዳቤ ከትንሽ ናሙና ጋር ላከ እንበል። ወረቀቱ፣ ፖስታው፣ ቴምብሩና ናሙናው ለያንዳንዱ 100 ብር ቢወስድ፣ ጠቅላላ ወጪው 20,000 ብር ይሆናል። ከእነዚህ 30ው ተመለሱ፤ 20ው ድግምት ሆነው ተገኙ፤ በቀሩት 150 ደብዳቤዎች 6 ሰዎች መልስ ሰጡ፤ ከ6ቱም 2ቱ ገዙ።

ነጋዴው በ200 ቢያካፍል የመልሱ መጠን 3 በመቶ ነው፤ በደረሱት በ150 ቢያካፍል ግን 4 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ገዢ የተገኘው በ10,000 ብር ነው። መዝገቡ አስቀድሞ ተለቅሞ ቢሆን ኖሮ 50ው ደብዳቤ ስለማይላክ 5,000 ብር ይተርፍ ነበር፤ እያንዳንዱም ገዢ በ7,500 ብር ይገኝ ነበር። ዕቃው ያው፣ ዋጋው ያው፣ ደብዳቤውም ያው ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከመሳቢያው ውስጥ ነው።

«ቴስት» የሚባለው ሙከራ ነው። አሜሪካዊው የማስታወቂያ ሰው ክላውድ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ማስታወቂያ በመልሱ እንዲመዘን አጥብቆ መክሯል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መዝገቡ ለሁለት ይከፈላል፤ ለአንዱ ወገን ዋጋ የተጻፈበት ደብዳቤ፣ ለሌላው ወገን ዋጋ ያልተጻፈበት ይላካል። በመልስ ካርዱም ጥግ ላይ ለአንዱ «ሀ»፣ ለሌላው «ለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ምልክት «ኪ» ይባላል፤ ቁልፍ ማለት ነው። መልሱ ሲመጣ የትኛው ደብዳቤ እንደሠራ ቁልፉ ይናገራል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል፤ ዋጋውም፣ ናሙናውም፣ የደብዳቤው ቃልም አብረው ከተለወጡ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። ደግሞም ከአንዱ 2፣ ከሌላው 3 መልስ ቢመጣ ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ በጥቂት ቍጥር ላይ ትልቅ ውሳኔ መጣል ያሳስታል።

ፈቃድና «አትላኩልኝ»

በመጨረሻ ስለ ፈቃድ መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጋሪ ቱርክ የተባለ የአንድ ኮምፒዩተር ኩባንያ ሠራተኛ ወደ 400 ለሚጠጉ አድራሻዎች ያልተጠየቀ የሽያጭ መልእክት በኮምፒዩተር መስመር ላከ፤ ብዙዎችም ተቈጡ። እንዲህ ያለው መልእክት በኋላ «ስፓም» ተብሎ በዓለም ሁሉ ተጠልቷል። በዛሬው ጊዜ በእጅ ስልክ አጭር መልእክትና በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ በዚሁ ስም እንዳይጠራ መጠንቀቅ አለበት። መልእክት መላክ የረከሰ መሆኑ የተቀባዩን ትዕግሥት አያረክሰውም።

ሰውየው ራሱ ላኩልኝ ሲል «ኦፕት ኢን»፣ ይብቃኝ ሲል «ኦፕት አውት» ይባላል። ይብቃኝ ያሉት የሚጻፉበት መዝገብ «ሰፕሬሽን ሊስት» ነው፤ የ«አትላኩልኝ» መዝገብ ማለት ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ይህን የመሰለ የጋራ መዝገብ «ሮቢንሰን ሊስት» ይሉታል፤ በደሴት ላይ ብቻውን ከኖረው ከሮቢንሰን ክሩሶ ስም የተወሰደ ነው። ይብቃኝ ያለውን ሰው ከመዝገብ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ የተሰረዘ ስም ከሌላ ማውጫ ተለቅሞ ተመልሶ ይገባልና። በ«አትላኩልኝ» መዝገብ ከተያዘ ግን ከያንዳንዱ መላኪያ በፊት ይመሳከራል።

ይህ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል፤ ቡናችንን ከሚገዙት ዋና ዋና አገሮች አንዷ ጀርመን በዚሁ ኅብረት ውስጥ ናት። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ስምና አድራሻ የባለመዝገቡ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ከስሙ ባለቤት በአደራ የተያዘ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ስሙ ከየት እንደተገኘና ሰውየው ፈቃድ የሰጠበት ቀን ይጻፍ።

ከየት ይጀመር?

ይህን ሁሉ ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ሳምንት ተመድቦ የባለቤቱ ደብተር፣ የጸሐፊው ማስታወሻ፣ የእጅ ስልኮችና የአሮጌ ደረሰኞች ስሞች ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ። ከዚያ ድግምቱ ይለቀም፤ ተመላሹ ይለይ፤ ቀኑ በአንድ አቈጣጠር ይስተካከል፤ «አትላኩልኝ» ያሉትም ለብቻ ይጻፉ። የመዝገቡ አንድ ግልባጭ በባለቤቱ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። መዝገቡን የሚያርም ኀላፊ አንድ ሰው ይሁን፤ የብዙዎች ኀላፊነት የማንም አይደለምና። በዓመቱ መጨረሻ ዕቃ ሲቈጠርም ስም አብሮ ይቈጠር፤ ስንት አዲስ ገባ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ገዛ ተብሎ ይጻፍ።

የቡናው ጥራት ከጫካው፣ የማሩ ጣዕም ከአበባው ይገኛል፤ ነጋዴው በእነዚህ ላይ ያለው ሥልጣን ጥቂት ነው። መዝገቡ ግን ሙሉ በሙሉ በእጁ ነው። ከዋጫ የሚወጣ አንድ ደብዳቤ ረጅም መንገድ ተጕዞ በባዕድ አገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ፣ ገዢው ከማሩም ከቡናውም በፊት የሚያየው የገዛ ስሙን ነው። ስሙ በትክክል ተጽፎ ያገኘ ሰው፣ ሚዛኑም ትክክል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ያምናል።